ኬማ ማለት ምን ማለት ነው

አቶ ገብረ መድኅን አናጢ ነበሩ፤ አጥር የሚጋሯቸው አቶ ማናዬ ደግሞ ልብስ ሰፊ። ሁለቱ ሰዎች መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጎን ለጎን ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ቀድሞ ይደርስለታል። ችግሩ ሁለቱም ጤነኛ ሲሆኑ ነበር። ማናዬ የሣር ቤታቸውን አፍርሰው ቆርቆሮ ሲያለብሱ ገብረ መድኅን በወሩ ቆርቆሮ አለበሱ። ማናዬ የግቢያቸውን በር አረንጓዴ ሲቀቡ ገብረ መድኅን የራሳቸውን ቀይ ቀቡ፤ ቀለሙ መሃል ላይ ስላለቀባቸው በሩ እስኪያረጅ ድረስ ግማሹ ብቻ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

በሥልሳ ሦስት ዓ.ም. የሁለቱም ሚስቶች በአንድ ሰሞን አርግዘው ሁለቱም ሴት ልጅ ወለዱ። የማናዬ ሚስት በሁለት ሳምንት ቀደመች። ገብረ መድኅን ልጃቸው ተወልዳ ሁለት ወር ሲያልፋት እንኳ ስም አላወጡላትም፤ ጎረቤታቸው ምን እንደሚያወጡ ማየት ነበረባቸው። ማናዬም አላስቆዩዋቸውም። በልጃቸው ክርስትና ቀን ድንኳኑ መሃል ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ አጥሩ ማዶ አስግገው፣

«ስሟ ትበልጫለሽ ነው!» ብለው ጮኹ።

«ሰማሽ?» አሉ ገብረ መድኅን ለሚስታቸው። «ትበልጫለሽ! ከማን ነው የምትበልጠው?»

«ኧረ ተው፣ ስም ነው እኮ» አሉ ሚስታቸው።

«ስም አይደለም፤ ለእኔ የተላከ ደብዳቤ ነው።»

መልሱን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። የራሳቸው ድንኳን በተተከለ ቀን፣ ማናዬ ከፊታቸው ተቀምጠው ጥብስ ሲጎርሱ፣ ልጃቸውን ከፍ አድርገው አነሡና «ከማንአንሼ!» አሉ። ድግስተኛው በሙሉ ወደ ማናዬ ዞረ። ማናዬ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡ። ገብረ መድኅን በሕይወታቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ በዚያ ስም የኮሩትን ያህል የኮሩበት የለም፤ እስኪሞቱ ድረስ ይተርኩት ነበር።

ሕፃኗ የአባቷን ሙግት ለዕድሜ ልክ እንድትሸከም መደረጓን ያወቀችው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ «ከማንአንሼ!» ካለ፣ እሷ «አቤት» ሳትል ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ከሁላችንም!» ይላል። ትበልጫለሽም እዚያው ክፍል ነበረች። መምህሩ ሁለቱን አከታትሎ ሲጠራ በመስኮት የሚያልፍ ሰው ውስጥ ጠብ የተነሣ ይመስለው ነበር። ሥራ ስታመለክት ፈታኙ ማመልከቻዋን አንብቦ «ከማንም አላነስሽም፣ ቁጭ በዪ» ብሏታል። መታወቂያዋን ለሰው ስታሳይ አውራ ጣቷን ስሟ ላይ ማሳረፍ ለመደች።

ከዚህ መከራ ግማሹን ያቃለለላት ባሏ ኢፋ ነው። ኢፋ አያት ቅድመ አያቶቹ እዚያው መካኒሳ ያረሱ፣ መሬቱን ኮንዶሚኒየም ከበላው በኋላ በቀረችው ቦታ ላይ አራት ላም እያለበ ለሰፈሩ ወተት የሚሸጥ ሰው ነው። በተጫጩ ሰሞን «ይሄን ስም ጠርቼ እስክጨርስ ላሟ አጥር ዘላ ትጠፋለች» አለና አሳጥሮ «ኬማ» አላት። ከማንአንሼ ልታገባው የወሰነችው ያን ዕለት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም፣ ዕድርተኛውም፣ የምትሠራበት ወረዳ ጽሕፈት ቤትም ኬማ አላት፤ ሙሉው ስም ደመወዝ መክፈያ ላይ ብቻ ቀረ።

ሥራዋ ደግሞ፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ የሰው ስም መመዝገብ ነው። የልደት ምዝገባ ክፍል ውስጥ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣ ስንት የስም ዘመን ሲመጣና ሲሄድ አይታለች። መጀመሪያ ሰሞን የመጽሐፍ ቅዱስ ነቢያት በተራ መጡ። ነቢያቱ ሲያልቁ ነቢያቱ ያለፉባቸው ከተሞች መጡ። ከዚያ በኋላ የሴቱ ስም ሁሉ በ«ያ» ወይም በ«ና» ማለቅ ጀመረ፤ መነሻው ከየት እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። «ትርጉሙስ?» ብላ ስትጠይቅ ወላጅ ሁሉ ሳያመነታ «የእግዚአብሔር ስጦታ» ይላታል። እግዚአብሔር በዚያ ወረዳ ብቻ በአርባ ሁለት ዓይነት ስም ስጦታ መስጠቱን መዝገቡ ይመሰክራል። የራሷን ስም የያዘ አንድም ሕፃን መጥቶ አያውቅም፤ ይመጣል ብላም አልጠበቀችም።

ባለፈው ጥቅምት ሄርሜላ የምትባል ወጣት መጣች። ሄርሜላ በቲክቶክ የፊት ቅባትም፣ ፍራሽም፣ የጾም ኬክም የምታስተዋውቅ፣ መንገድ ላይ ሰው የሚለያት ሴት ናት። የአርባ ቀን ልጇን አቅፋ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ስልኳን በዘንግ ሰክታ ገባች። ወረፋው ራሱ መንገድ ከፈተላት። በከማንአንሼ ጎን የሚቀመጠው መዝጋቢ አዶኒያስ፣ ተከታይ የበዛለት ሰው ሲያይ የሚይዘውን የሚያጣ ልጅ ነውና፣ እስክሪብቶው ወደቀበት።

«ኬማዬ፣ ማኅተሙን አቀብዪኝ!» አለ።

ሄርሜላ መነጽሯን አወለቀች። «ማን አልካት?»

«ማንን? እሷን? ኬማ።»

«ኬማ» አለች ሄርሜላ፤ ስሙን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። «ኬማ… ኧረ ደስ ሲል! ትርጉሙ ምንድን ነው እናት?»

ከማንአንሼ ፊቷ ጋለ። «የቤት ስም ነው። ማሳጠሪያ ነው» አለች።

«የምን ማሳጠሪያ?»

ማኅተሙን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ከኋላ ያለው ወረፋ ጆሮውን አቁሟል። በዚህ መሃል አዶኒያስ ዘሎ ገባበት።

«የዕብራይስጥ ነው» አለ። «የማለዳ ጤዛ ማለት ነው።»

«የማለዳ ጤዛ!» ሄርሜላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ልጇን ናኦሊያ ልትላት ነበር፤ ነገር ግን በምትኖርበት ሕንፃ ላይ ብቻ ሦስት ናኦሊያዎች እንዳሉ ነገረቻቸው፤ አንዷ እንዲያውም ውሻ ናት። «ኬማ ብለህ ጻፍልኝ።»

ከማንአንሼ ያን ጊዜ «የለም እህቴ፣ እንዲህ አይደለም» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ኋላ ለምን እንዳላለች ስታስበው ያገኘችው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ በሃምሳ አራት ዓመቷ ስሟን ሰምቶ «ደስ ሲል» ያለ ሰው አልገጠማትም ነበር። ሄርሜላ ከሄደች በኋላ ግን አዶኒያስን ያዘችው።

«ጤዛውን ከየት አመጣኸው?»

«ማዘር፣ ጠዋት ስመጣ ጫማዬን አርሶብኝ ነበር» አለ አዶኒያስ። «አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው።»

ሄርሜላ ያን ዕለት የለቀቀችውን ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው ከማንአንሼ አላወቀችም። ያወቀችው በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት መጥታ «ኬማ» ስትል ነው። በማግስቱ ሁለት መጡ። ኅዳር ሳያልቅ ኬማ ያልተባለች ሴት ሕፃን ይዞ የሚመጣ ወላጅ ራሱን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስመዘግብ ጀመር። ኬማ ሲበዛ ደግሞ መለየት መጣ፤ ኬይማ፣ ኼማ፣ ኬማያ፣ ኬማና ተጻፈ። አንድ አባት መንትዮቹን ኬማ እና ኬማያ አላቸው፤ ኬማው ወንዱ ነው። ትርጉሙም ከስሙ ጋር አብሮ ተራባ። ጤዛ ብሎ የሚቆም ጠፋ፤ «እግዚአብሔር ጥላዬ» ያለ አለ፣ «የንግሥተ ሳባ ደንገጡር» ያለ አለ፣ አንዲት እናት «በግዕዝ ብርሃን፣ በዕብራይስጥ ውሃ» ብላ ሁለቱንም ወሰደች። አዶኒያስ የራሱን ውሸት ከሌላ ሰው አፍ እንደ አዲስ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ «ለካ ይሄም አለው» ይላል፣ ከልቡ እየተደነቀ።

መካኒሳ ዋናው መንገድ ላይ «ኬማ የሕፃናት መዋያ» ተከፈተ፤ ከሥሩ «ኬማ ቁርስና ጭማቂ»፤ ከጎኑ የጎማ እድሳት የሚሠራው ሰውዬ ሳይቀር ሰሌዳው ላይ በትንሹ «ኬማ» ብሎ ጨመረ።

ልጇ ሀና ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ እሑድ ከባሏ ከቦንሳ ጋር መጥታ፣

«እማዬ፣ ሴት ከሆነች ወስነናል፤ ኬማ ልንላት ነው» አለቻት።

ከማንአንሼ ተነሥታ አቀፈቻት፤ እንባዋ መጣ። «በስሜ ልትጠሪያት?»

ሀና ግራ ገብቷት ባሏን አየች። «በማን… ውይ! ለካ ያንቺም ስም ነው!»

ይሁን እንጂ ከማንአንሼ አልተቀየመችም፤ እንዲያውም በዚያ በጋ ያልነበረባት ጠባይ እየያዛት መጣ። ጠረጴዛዋ ላይ «ኬማ ገ/መድኅን» የሚል ሰሌዳ አሠርታ አቆመች። ነጠላዋን ትታ ጤዛ መሳይ ነጠብጣብ ያለበት ሻርፕ ገዛች። ዕድር ላይ አንዲት ሴት «ኬማ ማለት ግን ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሌላ ሰው እስኪመልስ አልጠበቀችም፤ «የማለዳ ጤዛ ነው» አለች፣ አባቷ ይህንኑ አስበው ያወጡት ይመስል። ኢፋ ይህን ሰምቶ ለሳምንት መሳቂያ አገኘ። «ጤዛዬ፣ የላሞቹ ገለባ አልቋል» ይላታል። «ጤዛዬ፣ ፍጉሎ ግዢ።»

ነገሩ የፈረሰው ከትበልጫለሽ ቤት በተነሣ እሳት ነው።

ትበልጫለሽ ማናዬ አግብታ ብስራተ ገብርኤል ከገባች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። ቬሎ ታከራያለች፤ ቤቷ ፎቅ ነው፤ ስሟን ለመደበቅ አንድም ቀን ምክንያት አልገጠማትም። ግንቦት ላይ የልጅ ልጅ አየች። ምራቷ ሕፃኗን አሳቅፋት፣ «እማማ፣ ኬማ ብለናታል» አለቻት። ትበልጫለሽ ስሙን ሰምታ አላወቀችውም። «የማን ስም ነው?» አለች። ምራቷ ቪዲዮውን ከፍታ አሳየቻት፤ ሄርሜላ ሕፃኗን አቅፋ ስታወራ ከጀርባዋ መስታወት ኋላ አንዲት ሴት ማኅተም ይዛ ተቀምጣለች። ትበልጫለሽ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከዚያ ሕፃኗን ለምራቷ መለሰችላት።

«በአባቴ ቤት!» አለች። «የማናዬ የልጅ ልጅ ልጅ፣ በገብረ መድኅን ስድብ ልትጠራ!»

ምራቷን ለማሳመን ብቻ የተናገረችውን ልጇ ቀርጾ ለቀቀው። ትበልጫለሽ በቬሎዎቿ መሃል ቆማ ጣቷን ወደ ስልኩ እየቀሰረች፣ «ኬማ ጤዛ አይደለም። ኬማ ከማንአንሼ ናት! አባቷ አባቴን ለማብሸቅ ያወጣው ስም ነው። መካኒሳ አቦ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጤዛ! አብሬያት ነው ያደግሁት፤ አንድም ቀን ጤዛ ሆና አላየኋትም» ትላለች። በሁለት ቀን ውስጥ ከሄርሜላው ቪዲዮ የበለጠ ሰው አየው።

ሄርሜላ በሦስተኛው ቀን ያለ ሜካፕ ወጥታ አለቀሰች። እንደ እናት መታለሏን፣ እንቅልፍ ማጣቷን ተናገረች፤ እንቅልፍን ካነሣሁ አይቀር ብላ መጨረሻ ላይ ፍራሹን አስተዋወቀች። መዋያው ስሙን በነጭ ቀለም አጠፋ። የጎማው ሰውዬ ግን አላጠፋም፤ ቪዲዮ አያይም።

ወረዳው በር ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ተያዘ። «ልጄን ሰድባችሁብኛል» የሚል አባት አለ፣ «ጤዛዬን መልሱልኝ» የምትል እናት አለች። ከማንአንሼ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፦ ስም የሚለወጠው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ይህን ሲሰሙ ንዴታቸው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት አይዞርም፤ እዚያው መስታወቱ ላይ ይፈስሳል።

ኀላፊያቸው ወይዘሮ ዶርቃ ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው «በጤዛ ዙሪያ የታዩ ክፍተቶችን መገምገም» ይላል። ሦስት ሰዓት ፈጀ።

«ጤዛ ያልኩት እንደ አስተያየት ነው» አለ አዶኒያስ። «የቢሮው አቋም ነው አላልኩም።»

«አንቺስ? እዚያው ተቀምጠሽ ዝም ማለትሽ ምን ማለት ነው?» አሏት ወይዘሮ ዶርቃ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አለች ከማንአንሼ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ቀና ብሎ አያትና ይህን ሳይጽፈው ቀረ።

ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛ፣ ማንኛውም ሠራተኛ ከዛሬ ጀምሮ የስም ትርጉም ለተገልጋይ እንዳይሰጥ። ሁለተኛ፣ ብዥታን ለማጥራት ሲባል ባልደረባዋ በሥራ ሰዓት በሙሉ ስሟ ብቻ እንድትጠራና ሰሌዳዋም በዚሁ እንዲስተካከል። በማግስቱ መስታወቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ከማንአንሼ ገብረ መድኅን» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጉዳይ የሌለው ሰው ሁሉ እየመጣ ከወረቀቱ ጋር ፎቶ ተነሣ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳዋን ማኅደር ክፍል ተደብቃ በላች። ሻርፑን ለላሚቱ ጥጃ ማሰሪያ ሰጠችው፤ ኢፋም በዚያ ሰሞን አልሳቀባትም። ወተቱን አከፋፍሎ ሲመለስ በወረዳው በኩል እያለፈ ከበሩ ውጭ ቆሞ እስክትወጣ ይጠብቃታል፤ ለምን እንደመጣ ስትጠይቀው «መንገዴ ነው» ይላል። መንገዱ አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን አንዲት መነጽር ያደረገች እናት ወረቀቱን አንብባ፣ «ያቺ ከማንአንሼ የምትባለው አንቺ ነሽ?» አለቻት፤ ከንፈሯ ላይ ሳቅ ይዛ። ከማንአንሼ ያን ዕለት ሰባ ሰው አስተናግዳለች፣ ወገቧ ተሰብሯል፣ ምሳም አልበላችም።

«ነኝ» አለች። «በመኪና ነው የመጣሽው ወይስ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደውን ታክሲ ልንገርሽ?»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። ከማንአንሼ ራሷ ባወጣችው ድምፅ ተገረመች። ምንም አልሆነችም፤ ጣራው አልወደቀም። ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ሰኔ ላይ ሀና ሴት ልጅ ወለደች። ኬማ የሚለውን ያነሣ ሰው የለም፤ በቤቱ ውስጥ ቃሉ የታመመ ሰው እንዳለ ያህል በጥንቃቄ ይታለፋል። በመጨረሻ ቦንሳ የምዝገባውን ቅጽ ይዞ ወደ ቢሮዋ መጣ። ናሪዮላ ይላል።

«ትርጉሙስ?» አለች ከማንአንሼ፤ ልማድ ሆኖባት ነው እንጂ መጠየቁም በውሳኔው ሳይከለከል አልቀረም።

«እየፈለግን ነው» አለ ቦንሳ።

እስከ ሐምሌ ድረስ በዚያ ወረዳ ከተመዘገቡት ሃምሳ ሰባት ኬማዎች ሠላሳ ስምንቱ በፍርድ ቤት ተለወጡ። የቀሩት ወይ ወላጆቻቸው በቀጠሮ የሰለቹ ናቸው፣ ወይ ልጆቹ ስማቸውን ለምደው ሌላ ሲጠሯቸው አንዞርም ያሉ። በነሐሴ መግቢያ፣ ዝናብ ባረፈደበት አንድ ጠዋት፣ ታክሲ መያዣው ጋ ጎመንና ቲማቲም የምትሸጠው ኦብሴ ልጇን አዝላ ገባች። ኦብሴ ልጇን ያስመዘገበችው ኅዳር ላይ፣ ግርግሩ መሃል ነበር። ከማንአንሼ ፊቷን አስታወሰችው፤ ያን ጊዜ ኦብሴ አንድ ፎቶ ኮፒ ጎድሏት ወጥታ እስክትመለስ ሕፃኗን ይዛላት ነበር።

«እትዬ፣ ልጄ ኬማ ተብላ ነው የተጻፈችው» አለች ኦብሴ።

«ለማስለወጥ ፍርድ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ማመልከቻ…»

«ማስለወጥ አይደለም። ሙሉው አልተጻፈልኝም። ያኔ በስምሽ ልጠራት ብዬ ሰው ኬማ ሲልሽ ሰማሁና ያንኑ አልኩ። አሁን ሙሉው ሌላ ነው አሉኝ።»

ከማንአንሼ ብዕሯን አስቀመጠች። «ትርጉሙን ሰምተሻል?»

«ሰማሁ እንጂ፤ ለዚያው ነው የመጣሁት። ጤዛውንማ ምን አደርገዋለሁ? ጎመኑ ላይ ሁልጊዜ አለ።»

«ትምህርት ቤት ይስቁባታል፣ ኦብሴ። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ይሳቁ። ምን አነሳት?» አለች ኦብሴ፤ ከዚያ የተናገረችው ገብቷት ራሷ ሳቀች።

ከማንአንሼ መመሪያውን ታውቀዋለች። ስም መለወጥ ፍርድ ቤት ያስኬዳል፤ የመዝጋቢው የጽሑፍ ስህተት ግን እዚያው ቢሮ ይታረማል፣ ስህተት ሠርቻለሁ ብሎ የሚፈርም መዝጋቢ ከተገኘ። መዝገቡን ገለጠች። ኅዳር አሥራ ሁለት የመዘገበው አዶኒያስ ነው። የእርማት ቅጹን በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት።

«ማዘር፣ እኔ እኮ ያለችኝን ነው የጻፍኩት» አለ አዶኒያስ።

«ፈርም።»

ኦብሴን አየ፣ ሕፃኗን አየ፣ መስታወቱ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። በቀኝ በኩል ስሙን ጻፈ። ከዚያ ቆመ።

«የስህተቱ ምክንያት የሚለው ላይ ምን ልበል?»

«ስሙ ሳያልቅ ስላቆምኩ፣ በል» አለችው።

አዶኒያስ ጻፈው፤ ፈረመም። ከማንአንሼ ማኅተሙን አነሣች፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሰችበትና መታችው። ኦብሴ ወረቀቱን አጥፋ በዘንቢሏ ከቲማቲሙ በላይ አስቀመጠች፤ ዕቃዋን ለጎረቤት ትታ ስለመጣች ደንበኛ ሳይሄድባት ዝናቡ ውስጥ እየሮጠች ወጣች።